«ጋሊክ»፣ «ፍራንኪሽ»፣ «ኖርማን»፣ «ፍሬንች»፦ ሁሉንም «የፈረንሳይ» ብዬ ልለፋቸው?

ብራና ገላጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምዕራብ አውሮፓን ታሪክ ለማንኛውም አንባቢ የሚተርክ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው። ሥራው ሲቀናኝ ቆይቶ ፈረንሳይ ላይ ስደርስ ተቀረቀርኩ። ደራሲው በየምዕራፉ ቅጽሉን ይቀያይርብኛል። መጀመሪያ ላይ ቄሳር ያካሄዳቸውን ጦርነቶች «ጋሊክ» ይላቸዋል። ጥቂት ገጾች ካለፉ በኋላ ነገሥታቱ «ፍራንኪሽ» ሆነው ይመጣሉ። እንግሊዝን የወረሩት ሰዎች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሆነው ሳለ «ኖርማን» ናቸው። ከዚያ ወዲህ «ፍሬንች» ይነግሣል። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሚኒስትር ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ ሰበቃው እንደገና «ጋሊክ» ተባለ። ያ የቄሳር ዘመን ቅጽል ከየት ተነሥቶ መጣ?

መዝገበ ቃላቱ ለሁሉም ማለት ይቻላል የሚሰጠኝ ፍቺ «ፈረንሳዊ፣ የፈረንሳይ» የሚል ነው። እኔም እንዲሁ አንድ ወጥ ላድርጋቸው ወይስ እያንዳንዱን በየስሙ ልጥራ? አንባቢዬ የታሪክ ተማሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን «ቄሳር ፈረንሳይን ወጋ» ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

ጨው አልባ፦

እኔ ብሆን ሁሉንም «የፈረንሳይ» ብዬ እገላገል ነበር። መሬቱ ያው ነው፣ ሕዝቡም ያው ነው። አንባቢ መጽሐፍ የሚገዛው ታሪኩን ፈልጎ እንጂ ቅጽል ሊቆጥር አይደለም። በየገጹ አዲስ ስም ሲገጥመው ስለ አራት የተለያዩ አገሮች የሚያነብ ይመስለውና መጽሐፉን ይዘጋዋል።

የእርማት ጠረጴዛ፦

ወንድሜ ጨው አልባ፣ «መሬቱ ያው ነው» ያልከውን እቀበላለሁ። «ሕዝቡም ያው ነው» ያልከውን ግን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ ነገር ትዕግሥቴ አጭር ነው።

እህቴ ብራና ገላጭ፣ መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው ክደኚውና ዓረፍተ ነገሩ የሚያወራበትን ዘመን ፈልጊ። እንግሊዝኛው በዚያ መሬት ላይ ለተፈራረቁት ሰዎች ለየብቻ ስም ያወጣው በምክንያት ነው። ቅጽሉን የሚመርጥልሽ ዓመተ ምሕረቱ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቄሳር ዘመቻውን በ58 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲጀምር ፈረንሳይ የሚባል አገር አልነበረም፤ ፈረንሳይኛ የሚባል ቋንቋም ገና አልተወለደም። ሮማውያን አገሩን ጋሊያ ይሉት ነበር። አብዛኞቹ ነዋሪዎች የኬልት ነገዶች ነበሩ፤ ቋንቋቸውም ከዛሬው ፈረንሳይኛ ይልቅ ለዌልስና ለአየርላንድ ቋንቋዎች ይዘመዳል። የዛሬው ፈረንሳይኛ የወረደው ድል ካደረጓቸው ሮማውያን ላቲን ነው። በ52 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አሌዚያ ላይ ተከብቦ እጁን የሰጠው የጋሊያ ሰዎች መሪ ቬርሲንጌቶሪክስ «የፈረንሳይ ጀግና» የተባለው ከብዙ ዘመን በኋላ በመጡ ሰዎች አንደበት ነው። ስለዚህ «የጋሊያ ጦርነቶች» በይና እለፊ።

«ጎል» ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ! እንግሊዝኛው እንደዚያ እንደሚለው አውቃለሁ። ነገር ግን «ቄሳር ጎልን ያዘ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ አማርኛ አንባቢ የሚታየው ግብ ጠባቂ ነው። ጋሊያ ግን ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸውን የገላትያ ሰዎች አስታውሺ። አገራቸው ስሙን ያገኘው በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደ ታናሽ እስያ ከተሻገሩ ከእነዚሁ የኬልት ወገኖች ነው። የሚገርመው ደግሞ እንግሊዝኛው «ጎል» ጋሊያን ይምሰል እንጂ ከእርሱ አለመውጣቱ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ምንጩን የሚያገኙት ጀርመናዊ ነገዶች ለባዕድ፣ በተለይም ለኬልቶችና ለሮማውያን፣ ይሰጡት በነበረው ስያሜ ውስጥ ነው። ዌልስ የሚለው የአገር ስምና የቤልጅየሞቹ ዋሎኖች መጠሪያ ከዚያው ሥር ይመዘዛሉ። የአንዱ ነገድ «ባዕድ» የሌላው አገር ስም ሆኖ ቀረ።

የሮም ሥልጣን ሲዳከም የመጡት ፍራንኮች ናቸው፤ ጀርመናዊ ነገድ። ክሎቪስ በ481 ነገሠ፣ በ511 ሞተ። ሻርለማኝ በ800 በገና ዕለት ሮም ላይ በጳጳሱ በሦስተኛው ሊዮ እጅ ዘውድ ጫነ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተርጓሚ የሚሰናከለው። «የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርለማኝ» የሚል ሐረግ ስንት ጊዜ ሰርዣለሁ! የሰውየው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጀርመናዊ ነበር፤ ጀርመኖችም ካርል ብለው የራሳቸው ያደርጉታል። ግዛቱ በ843 በቬርደን ውል ለሦስት የልጅ ልጆቹ ከተከፈለ በኋላ ነው ከምዕራቡ ድርሻ ውስጥ ፈረንሳይ ቀስ በቀስ የበቀለችው። «የፍራንኮች ንጉሥ» በዪው።

በነጠላ «ፍራንክ» ብለሽ ከተውሽው ግን አንባቢሽ ኪሱን ይዳብሳል። ገንዘቡም ቢሆን ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። በ1360 ዳግማዊ ዮሐንስ ከእንግሊዝ ምርኮ ሲለቀቅ የተመታው የወርቅ ሳንቲም ላይ በላቲን «የፍራንኮች ንጉሥ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ስሙም ፈረንሳይ ገንዘቧን ወደ ዩሮ እስከ ቀየረችበት እስከ 2002 ድረስ ኖረ።

ስለዚህ ነገድ ስም ትንሽ ልቆይ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። «ፍሬንች» እና «ፍራንኪሽ» ሁለት ቃላት ይመስላሉ እንጂ በመሠረቱ አንድ ናቸው። ድሮ እንግሊዞች «ፍሬንኪሽ» የሚመስል ቃል ነበራቸው፤ በአፍ ሲመላለስ ተሟሽሾ «ፍሬንች» ሆነ። «ፍራንኪሽ» የሚለውን ከጊዜ በኋላ ያመጡት ያንን ጥንታዊ ነገድ ከዛሬው ሕዝብ ለይተው ለመጥራት ነው። ፍራንኮች በያዙት ምድር ሙሉ ነጻነት የነበራቸው እነርሱ ስለነበሩ፣ ስማቸው «ነጻ» ማለት ሆነ። እንግሊዝኛው ሳይሸሽግ የሚናገርን ሰው «ፍራንክ» የሚለው፣ የመምረጥ መብትን «ፍራንቻይዝ» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ጋዜጣ ላይ የምናነበው የ«ፍራንኮ ቫሉታ» ፍራንኮም በጣሊያንኛ በኩል የመጣ የዚያው ዘመድ ነው። በዐረቦች በኩል ዞሮ ወደ እኛ የመጣውን «ፈረንጅ» ለመጥቀስ እንኳ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ኖርማኖች ደግሞ ሌላ ናቸው። ስማቸው እንደሚናገረው የሰሜን ሰዎች ነበሩ። በ911 ሮሎ የሚባለው የቫይኪንጎች አለቃ ከንጉሥ ቻርልስ ጋር ተዋውሎ በሴን ወንዝ ግርጌ መሬት ተሰጠው። የልጅ ልጆቹ የኖርስ ቋንቋቸውን ረስተው ፈረንሳይኛ ለመዱ። በ1066 ዊሊያም ሄስቲንግስ ላይ ሲያሸንፍ ጦሩን የመራው እንደ ኖርማንዲ መስፍን ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፊሊፕ በዚያን ጊዜ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነበር፤ በዘመቻውም እጁ የለበትም። «ፈረንሳይ እንግሊዝን ወረረች» ማለት የሌለ ጦርነት መፍጠር ነው።

የፈረንሳይኛቸው ቅላጼም ከፓሪሱ ይለይ ስለነበር እንግሊዝኛ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ወርሶታል፤ አንዴ ከኖርማኖቹ፣ ሌላ ጊዜ ከፓሪሶቹ። ኖርማኑ በ«ወ» የሚጀምረውን ፓሪሳዊው በ«ገ» ይጀምረዋል። ለዕቃ የሚሰጠው «ዋራንቲ» እና እኛም የለመድነው «ጋራንቲ» አንድ ቃል ናቸው ብልሽ ታምኚኛለሽ? «ዋርደን» እና «ጋርዲያን» እንዲሁ ናቸው።

አሁን ወደ ሚኒስትሩ ትከሻ። በዘመናዊው እንግሊዝኛ «ጋሊክ» የጠባይና የአኳኋን ቃል ነው። ለትከሻ ሰበቃ፣ ለጨዋታ ለዛ፣ ለግዴለሽነት ይሆናል፤ ከበስተኋላውም ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሽሙጥ አለችበት። ማንም ሰው የፈረንሳይን ገንዘብ ሚኒስቴር «ጋሊክ» ብሎ በቁም ነገር አይጽፍም። ቃሉ እንደገና ነፍስ እንዲዘራ ፈረንሳዮቹ ራሳቸውም ረድተዋል። በላቲን «ጋሉስ» ማለት የጋሊያ ሰውም አውራ ዶሮም ነው፤ በዚህ ቀልድ የተነሣ ነው ዶሮው እስከ ብሔራዊ ቡድናቸው ማሊያ ድረስ የዘለቀው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንማ የጥንቶቹን የጋሊያ ሰዎች ቅድመ አያት አድርገው ለትምህርት ቤት ልጆች ያስተምሩ ጀመር። ሦስተኛው ናፖሊዮን በ1865 አሌዚያ ነው በተባለው ኮረብታ ላይ ለቬርሲንጌቶሪክስ ግዙፍ ሐውልት አቆመለት። የሐውልቱ ፊት ንጉሠ ነገሥቱን ይመስላል እየተባለ ይታማል፤ ፎቶውን አይተሽ ፍረጂ።

ስለዚህ የሚኒስትሩን ነገር «ፈረንሳዮች እንደሚያውቁበት አድርጎ ትከሻውን ሰበቀ» ብትዪው በቂ ነው፤ ሽሙጧም አትጠፋም። ሁለት ወጥመዶች ግን ልጠቁምሽ። «ጌሊክ» ሲገጥምሽ የስኮትላንድና የአየርላንድ ጉዳይ ነው። «ጎሊስት» ሲገጥምሽ የጄኔራል ደጎል ተከታይ ነው፤ ከጋሊያ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ቤተ ሙከራ፦

ጋሼ ስለ ዶሮው ካነሡ አይቀር እኔም ከሙያዬ ልጨምር። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ፈረንሳይ በሁለቱም ስሞቿ ተመዝግባለች። ጋሊየም ቁጥር 31 ነው፤ በ1875 ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ኤሚል ለኮክ ደ ቧቦድራን ነው። እንግዲህ «ለኮክ» በፈረንሳይኛ «አውራ ዶሮው» ማለት ነው፤ ዶሮው ደግሞ በላቲን «ጋሉስ»። ሰውየው አገሬን አከበርኩ ብሎ የገዛ ስሙን ሰንጠረዡ ላይ ሸሽጎ አስገባ የሚል ሐሜት ተነሣበት። እርሱ ግን የለም፣ በጋሊያ ስም ነው የሰየምኩት ብሎ በጽሑፍ አስተባበለ። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ ይህ ንጥረ ነገር ከመገኘቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት መኖሩን ተንብዮ ቦታ ትቶለት ነበር። ጋሊየም ብረት ነው ስትሉት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ጠርዙ መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ እንደ መስታወት የሚያበራ ጠብታ ይሆንና እጅን ግራጫ አድርጎ ይሄዳል።

ፍራንሲየም ደግሞ ቁጥር 87 ነው። በ1939 ያገኘችው ማርግሪት ፔሬ ናት፤ የማሪ ኩሪ ረዳት የነበረች። ከዓይነቶቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው እንኳ በ22 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ስለሚፈራርስ ማንም ሰው በዓይኑ የሚታይ ያህል ሰብስቦ አያውቅም። ጀርመኖች በመካከሉ በ1886 ጀርማኒየምን አስመዝግበዋል፤ ግን አንድ ብቻ ነው ያላቸው።

ብራና ገላጭ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሻርለማኝን ነገር ምዕራፍ ሦስት ላይ ሄጄ አስተካክላለሁ። ቤተ ሙከራ፣ አንተም ተባረክ።

ካስቸገርኩ አይቀር የቀሩትን ልጠይቅ። በ1870 የተነሣው ጦርነት «ፍራንኮ» ብሎ ፈረንሳይን አስቀድሞ ፕራሻን ያስከትላል። የኮንኮርድ አውሮፕላን ግን «አንግሎ» ብሎ እንግሊዝን ካስቀደመ በኋላ «ፍሬንች» ይላል። ለምን ይለዋወጣል? ደግሞስ «ፍራንኮፎን» እና «ፍራንኮፋይል» በአማርኛ አንድ ቃል ይገኝላቸዋል? «ብሬተን» የሚለውንስ ብሪታንያዊ ልበለው?

የእርማት ጠረጴዛ፦

«ብሬተን»ን ብሪታንያዊ ያልሽው እንደሆነ ሁለት አገር ያኮርፍሻል። ብሬተኖች በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ የብሪታኒ ክፍለ ሀገር ሰዎች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው በአምስተኛውና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከብሪታንያ ደሴት ባሕር ተሻግረው የመጡ ኬልቶች ስለሆኑ ስሙ ተመሳሰለ። ቋንቋቸው የፈረንሳይኛ ዘዬ አይደለም፤ የዌልስ ቋንቋ ዘመድ ነው። ደሴቲቱን «ታላቋ» ያሰኛት ከዚህች ከታናሿ ለመለየት ነው እንጂ ጉራ አልነበረም።

«ፍራንኮ» ከፊት ካልሆነ መቆም የማይችል ቅጥያ ነው። ፈረንሳይ ሁለተኛ ስትሆን ሙሉ ስሟን ትይዛለች፣ ቅጥያው ደግሞ ለፊተኛው ይሰጣል። ማን ይቅደም የሚለው ልማድ ነው፤ እንግሊዞች ራሳቸውን ማስቀደም ይወዳሉ። አማርኛ ይህ ጣጣ የለበትም፤ «የፈረንሳይና የፕራሻ ጦርነት» ብለሽ ጨርሺ። «ፍራንኮ» ብቻውን ከቀረ የስፔኑ ጄኔራል ከመቃብሩ ይነሣብሻል። ኮንኮርድን ካነሣሽ ዘንድ፣ እንግሊዞች በስሙ መጨረሻ የፈረንሳይኛውን «ኢ» ፊደል እንጨምር አንጨምር ብለው ሲነታረኩ ቆይተው ሚኒስትሩ ቶኒ ቤን በ1967 ፊደሏን አጸደቃት። «ኢ» ማለት ኢንግላንድም፣ ዩሮፕም፣ ኤክሰለንስም፣ አንታንት ኮርዲያልም (የሁለቱ አገሮች የወዳጅነት ስምምነት) ማለት ነው ብሎ ተከራከረላት፤ አራቱም በላቲን ፊደል በእርሷ ይጀምራሉ።

«ፍራንኮፎን» ጂኦግራፈሩ ኦኔዚም ረክሉ በ1880 ያወጣው ቃል ነው፤ ሰዎችን በዜግነት ሳይሆን በቋንቋ ለመቁጠር። ስለዚህ «ፈረንሳይኛ ተናጋሪ» ነው፤ ፈረንሳዊ መሆን አያስፈልገውም። የቀድሞው የሴኔጋል ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር በ1983 ለፈረንሳይ አካዳሚ ሲመረጡ አካዳሚው የመጀመሪያውን አፍሪካዊ ተቀበለ። የጄኔቫ ሰው ፍራንኮፎን ነው፣ ፈረንሳዊ ብትዪው ግን ይቆጣል። «ፍራንኮፋይል» ደግሞ የፈረንሳይ ወዳጅ ነው፤ ቋንቋዋን አንዲት ቃል ላያውቅ ይችላል። ተቃራኒው «ፍራንኮፎብ» የፈረንሳይ ጠል ነው። ለእነዚህ አንድ ቃል አትፈልጊ፤ ሁለት ቃል መጻፍ አያስቀጣም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲሽ ሕዝቡን ሁሉ በአንድነት ሲጠራ በእንግሊዝኛ መስተአምር «ዘ ፍሬንች» ይል ይሆናል። በጥር 2023 አሶሺዬትድ ፕሬስ ለጸሐፊዎች በሰጠው ምክር ሰዎችን በጅምላ በዚህ መንገድ አትጥሩ ብሎ ድሆችን፣ አካል ጉዳተኞችን ሲዘረዝር ፈረንሳዮችንም አብሮ አስገባቸው። ሳቅ ሆነ። በዋሽንግተን ያለው የፈረንሳይ ኤምባሲ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ ስሙን «የፈረንሳይነት ኤምባሲ» ብሎ ለወጠ። ድርጅቱ ጽሑፉን አነሣው። አንቺ «ፈረንሳዮች» በይ፤ አይዞሽ።

ችሎት ታዳሚ፦

ስለ ኖርማኖቹ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ነው። የሕግ መጻሕፍት ውስጥ «ሎው ፍሬንች» የሚባል ከገጠመሽ የፈረንሳይ ሕግ ብለሽ እንዳትተረጉሚው፤ የፍርድ ቤት ፈረንሳይኛ ነው። የእንግሊዝ ዳኞችና ጠበቆች ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ቋንቋ ነው። በ1362 ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ፤ የሕግ ሰዎቹ ግን በጽሑፋቸው ውስጥ ፈረንሳይኛውን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይዘውት ኖሩ። እንግሊዝኛው «አቶርኒ ጄኔራል» ብሎ ቅጽሉን ከስሙ በኋላ የሚያስቀምጠው የዚያ ፈረንሳይኛ አሻራ ስላለበት ነው። ዛሬም ፓርላማው ያጸደቀው ሕግ የንጉሡን ይሁንታ ሲያገኝ ጸሐፊው ቆሞ በኖርማን ፈረንሳይኛ «ንጉሡ ይህን ይፈቅዳል» ይላል፤ እንግሊዝኛ አይደለም።

ጨው አልባ፦

እሺ፣ ሕዝቡ ያው አለመሆኑን ተቀብያለሁ። ግን እነዚህ «ፍሬንች» ተለጥፎባቸው ከፈረንሳይ ጋር ግንኙነት የሌላቸውስ? አንድ ልቦለድ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ «የፈረንሳይ ፈቃድ ወስዶ» ከግብዣ ሄደ የሚል ትርጉም አንብቤ ሰውየው ፓሪስ ሊሄድ ነው ብዬ ሦስት ገጽ ጠበቅሁ።

የእርማት ጠረጴዛ፦

ያን ያሳለፈው አራሚ እኔ እንዳልሆንኩ በመጀመሪያ ይታወቅልኝ። ባለቤቶቹን ሳይሰናበት ሹልክ ብሎ ወጣ ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ያንኑ ድርጊት «እንደ እንግሊዝ ሹልክ ማለት» ይሉታል፤ ነውርን ወደ ጎረቤት መግፋት የሁለቱም ልማድ ነው። በአማርኛ ማንንም አገር ሳትነካካ «ሹልክ ብሎ ወጣ» በል።

የእንዲህ ያለው ሁሉ ፍቺ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እህቴ፣ መጽሐፍሽ ወደ 1495 ሲደርስ «የፈረንሳይ በሽታ» የሚል ይገጥምሽ ይሆናል። ቂጥኝ ነው። የስምንተኛው ቻርልስ ጦር ኔፕልስን ከያዘ በኋላ ወረርሽኙ ሲፈነዳ ጣሊያኖችና ጀርመኖች በፈረንሳይ አሳበቡ፣ ፈረንሳዮች ደግሞ «የኔፕልስ በሽታ» አሉት። እዚያ ላይ ስድቡ ራሱ ታሪክ ስለሆነ ስሙን እንዳለ ትርጉሚውና በግርጌ ማስታወሻ ቂጥኝ መሆኑን ንገሪያቸው። «ፍሬንች ሆርን» ከመጣ ግን «ሆርን» ብቻ ይበቃል፤ ዓለም አቀፉ የሆርን ተጫዋቾች ማኅበር ራሱ በ1971 «ፍሬንች» የሚለው ይቅር ብሏል።